በእሳት ያላለፈው ገጀራ

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። መጀመሪያ የጀመርኩት ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ነበር። ቤተ ሙከራው ውስጥ በቦታዬ የተተኩት ልጆች በስንብቴ ዕለት አንድ ወፍራም ደብተር ሰጡኝና «እትዬ አስካለ፣ የሚያውቁትን ይዘውብን እንዳይቀመጡ» አሉኝ። እኔም እንደ ሥራ ቆጥሬው በየጠዋቱ አንድ አንድ ገጽ እጽፍ ነበር። ከምሳ በኋላ የጻፍኩትን ለባለቤቴ ለጌታሁን አነብለታለሁ። እሱም አብሮኝ የሠራ ሰው ስለሆነ የረሳሁትን ያስታውሰኛል፣ ያጋነንኩትን ይቀንስልኛል።

ሠላሳ ገጽ ያህል እንደደረስኩ ጌታሁን ሞተ። ቁርሱን በልቶ፣ የጫማውን ክር በሩ ላይ አስሮ ወጣ። መንደራ ቆጪ ሰፈር ባጃጅ ሲጠብቅ ወደቀ። ሐኪሞቹ ደም ግፊቱ ነው አሉኝ። የበላበት ሰሃን ገና ሳይታጠብ ሬሳው ቤት ገባ።

አሁን በአዲስ ደብተር እንደገና የምጽፈው በሐዘኑ ምክንያት አይደለም። በፊተኛው ደብተር ሃያ ስምንተኛ ገጽ ላይ ውሸት ስላለ ነው። ስጽፈው ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳነብለት የሰማኝ ሰው ግን ያውቅ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት አጋሮ ነው። ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ አንዲት ጠባብ የእጽዋት ምርመራ ክፍል ውስጥ ተመደብኩ። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ የክብሪት እንጨት ቆጥሮ የሚሰጥ አንድ አለቃ ነበረን። ደመወዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ ይሸፍናል፤ ከዚያ ያለፈውን አላወራም። አጋሮ አምስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ወደ ጅማ ተዛወርኩ። የቡና በሽታ የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ነው። ጌታሁንን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ሹፌር ነበር፣ ናሙናም ከየእርሻው እየቆረጠ የሚያመጣው እሱ ነው። ጋሽ ነዚፍንም ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ነዚፍ የጅማ ልጅ ነው፤ ቤቱ ጊንጆ ሰፈር ነው፣ አባቱም አያቱም ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። እሱ ከሁሉም ተለይቶ ቤተ ሙከራ ገባ፤ እጁ ግን የልብስ ሰፊ እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ አይቸኩልም። የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ሥራችን መጠበቅ ነበር። ቡናን ከግንዱ የሚያደርቅ በሽታ አለ። በቁስል የሚገባ ሻጋታ ነው። በገበሬው ገጀራ ከታመመው ዛፍ ወደ ጤነኛው ይሻገራል። የታመመ ግንድ ቅርፊቱ ሲላጥ እንጨቱ ላይ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ይታያል። መስመሩ ከመታየቱ በፊት ለማወቅ ግን የእንጨቱን ስንጥር ሰሃን ላይ አኑረን ሻጋታው እስኪበቅል አሥር ቀንና ከዚያም በላይ እንጠብቃለን። እኛ ስንጠብቅ ገበሬው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይመነጥራል።

ከዚያ የፒሲአር ማሽኑ መጣ። ጌታሁን ከመኪና ያወረደው ዕለት «ይቺ ናት እንዴ? የዳቦ መጥበሻ ነው የምትመስለው» አለ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ድስት ብሎ ጠራው፤ በጓሮ በኩል ባለፈ ቁጥር «አስካለ፣ ድስቱ ወጣ ወይ?» ይለኛል። መልሴን ሳይሰማ ይሄዳል።

የማሽኑ ሥራ መገልበጥ ነው። ከእንጨቱ የወጣውን ዲኤንኤ ጣት በማታህል ቱቦ ውስጥ እናስገባለን። ማሽኑ በጣም ሲያሞቀው ዲኤንኤው እንደ ዚፕ ለሁለት ይከፈታል። ሲያቀዘቅዘው የምንፈልገውን ቦታ ብቻ የሚያውቁ አጫጭር ቁራጮች ሄደው ይለጠፋሉ። መልሶ ሞቅ ሲያደርገው የጎደለው ጎን ይሞላል። አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ሠላሳ ጊዜ ሲመላለስ ከአንዱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይወጣል። የሻጋታው ዲኤንኤ ከሌለ ምንም አይባዛም፤ ካለ ግን፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ እንኳ ቢሆን፣ ከሰዓት በኋላ እንደ መብራት ቦግ ብሎ ይታያል። በዚሁ ዘዴ የቡና ዘር ከየትኛው ጫካ እንደመጣ ለየንበት። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ማሽናችን ለሰው ምርመራ ተወስዶ ነበር። ለማሽኑ ሰውም ቡናም አንድ ነው።

ጋሽ ነዚፍ ይህን ሲያስተምረኝ በሐሙስ ገበያ ወሬ ነበር የመሰለው። አንዱ ለሁለት ይነግራል፣ ሁለቱ ለአራት፤ ገበያው ሳይበተን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። «ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ገበያው አይጠይቅም» አለኝ። «ይሄም ማሽን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። የሰጠሽውን ያበዛል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

ጥያቄውም ንጽሕና ነበር። ሦስት ክፍሎች አሉን። በመጀመሪያው ፈሳሹ ይዘጋጃል፣ በሁለተኛው እንጨቱ ይወቀጣል፣ በሦስተኛው ማሽኑ ይሠራል። ሦስተኛው የገባ ሰው በዚያ ቀን ወደ መጀመሪያው አይመለስም፤ ቦርሳውን ረስቶ ቢሆን እንኳ ነገ ይወስዳል። በየበሩ ጫማና ጋዋን ይለወጣል። አንድ ቀን እስክሪብቶ ረስቼ ልመለስ ስል በሩ ላይ ቆሞ «ለሶላት ታጥቦ ዉዱእ ያደረገ ሰው በጫማው መስጊድ ይገባል?» አለኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን በር ስሻገር ቤተ መቅደስ እንደምገባ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ሌላ ልማድም ነበረው። ከናሙናዎቹ ጋር ሁልጊዜ አንዲት ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለባት ቱቦ ማሽኑ ውስጥ ያስገባል። «ምስክሯ» ይላታል። ምስክሯ ከበራች እጃችን ቆሽሿል ማለት ነው፣ ሥራው ሁሉ ይደፋል። ምስክሯ ከጨለመች የሌሎቹን ቃል እናምናለን።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ለለቀማው አረም በሚመነጠርበት ወቅት፣ የቡ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለ አባ ኦሊ የሚባል ገበሬ ምርመራ ጠየቀ። የጎረቤቱ ቡና በበሽታው እየደረቀ ነበር። የእሱም ጥቂት ዛፎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኗል። ቡናውን አባቱ ከጫካ እየመረጠ የተከለው ነው፤ ለአካባቢው ችግኝ የሚወጣው ከዚያ እርሻ ነው። ጌታሁን ሄዶ ከአሥራ ሁለት ዛፎች ናሙና አመጣ። ጋሽ ነዚፍ በነጩ ሙቀጫ ወቀጠ፣ እኔ ማሽኑን ጫንኩ። ሰባቱ በሩ። ምስክሯ ጨለማ ነበረች።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ ምክሩ አንድ ነው፤ የታመመውንና በዙሪያው ያለውን ነቅሎ እዚያው ማቃጠል። ወረቀቱን ጋሽ ነዚፍ ፈረመበት። አባ ኦሊ ስልሳ ያህል ዛፍ ነቀለ። ማቃጠል ከጀመረ በኋላ አንዱን ግንድ ሰነጠቀው። እንጨቱ ነጭ ነበር። ሌላ ሰነጠቀ፤ ነጭ። እሳቱን ትቶ አንድ ጉቶ በማዳበሪያ ጠቅልሎ በሚኒባስ ጅማ መጣ፤ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠውና «የታመመው የቱ ጋ ነው? አሳዩኝ» አለ።

ልናሳየው አልቻልንም። አዲስ ስንጥር አውጥተን ደገምነው፤ ምንም የለም። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አባ ኦሊ አልጮኸም። ጉቶውን እዚያው ትቶት ሄደ።

አለቃችን ሦስታችንንም ጠራን። ጋሽ ነዚፍ መጀመሪያ ወደ ጌታሁን ዞረ።

«ጌታሁን፣ ገጀራውን በየዛፉ በአልኮል ጠርገህ በእሳት አሳልፈሃል?»

«አሳልፌያለሁ ጋሼ።»

ከናሙናው ጋር ባመጣው ቅጽ ላይም «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ነበር። ጋሽ ነዚፍ ቅጹን አየ፣ ጌታሁንን አየ፣ ከዚያ ለአለቃው «እንግዲያው ሙቀጫው ነው» አለ። «ምስክሯ ውሃ የገባችው ማሽኑ ላይ ነው፣ በሙቀጫው አላለፈችም። የወቀጥኩት እኔ ነኝ። አስካለ የለችበትም።» ይህን ብሎ ፈረመ። ወደ ዘር መጋዘን ተዛወረ፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ጆንያ ላይ ምልክት ሲለጥፍ ኖረ። ያ እጅ።

እኔ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ምስክር ጨመርኩ፤ ውሃ ብቻ በሙቀጫው አሳልፌ እንደ ናሙና እይዘዋለሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ አንድም ቀን አልተውኩም። በፊተኛው ደብተር ሃያ ስምንተኛ ገጽ ላይ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው። «ጋሽ ነዚፍ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሙቀጫ ሳያጠራ ቀረ፤ ከዚህ የምንማረው ታላቅ ሰውም እንደሚስት ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህን ለጌታሁን ሳነብለት እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ይሄን ክፍል ተይው፣ ሽማግሌውን ያስከፋዋል» አለኝ። «እውነት ነው፣ ለልጆቹ መማሪያ ነው» አልኩት። ተነስቶ ውጭ ወጣ፤ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ሲያበጅ ዋለ። መቀርቀሪያው ምንም አልሆነም ነበር። ሰው አክባሪነቱን ነበር ያደነቅኩት።

ጌታሁን ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት አባ ኦሊ ሊያስተዛዝነኝ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበር፤ ሸምግሏል። በፌስታል ቀይ እሸት ቡና ይዞ ነበር፤ ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ።

«አልሰማሁም ነበር፣ አዴ አስካለ። ትናንት ነው ልጄ የነገረኝ። ረቢ ሃ አራራሙፍ» አለ፤ ፈጣሪ ይማረው ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ ፌስታሉ እያመለከተ «ይሄ የእሱ ቡና ነው» አለኝ። ጌታሁን በየክረምቱ ችግኝ ጭኖ ይወስድለት፣ ጉድጓድም አብሮት ይቆፍር እንደነበር፣ የተነቀሉት ስልሳዎቹ ሁሉ እንደተተኩ ነገረኝ። እኔ ይህን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ክረምት ክረምት ዓሣ ላጠምድ እያለ ነበር የሚወጣው፤ አንድም ዓሣ ይዞ መጥቶ አያውቅም፣ እሱም ራሱ በዚያ ያስቀን ነበር።

አባ ኦሊ ሲነሳ እጄን ይዞ «ወላሂ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት» አለኝ። «ሌላ ሴት ብትሆን ይቅር አትለውም ነበር።»

«ምኑን?» አልኩት።

«የገጀራውን ነገር። ንገራቸው፣ ንገራቸው እያልኩ ስጨቀጭቀው ኖሬ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ነገርኳቸው፣ አስካለም ጋሽ ነዚፍም ይቅር አሉኝ አለኝ። ያን ቀን ነው ሸክሙ ከእኔም የወረደው።»

አላውቅም ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን እንዲህ ካልኩ የሚደነግጥና ወሬውን የሚያቋርጥ መሰለኝ። «እስቲ እርስዎ እንዳዩት ይንገሩኝ» አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠና ነገረኝ።

ያን ቀን እርሻው ላይ ደቦ ነበር። ሠላሳ ያህል ሰው ጠዋት የጎረቤቱን፣ የታመመውን ቡና መንጥሮ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ አባ ኦሊ ተሻገረ። ጌታሁን አልኮሉንና ክብሪቱን አውጥቶ የራሱን ገጀራ ሲመዝ ከለከሉት። የመንግሥት እንግዳ በደቦ መሐል አይሠራም፤ ነውር ነው። ገጀራውን ከእጁ ተቀብለው ዛፍ ላይ ሰቀሉበት፣ ጥላ ሥር አስቀመጡት፣ ምግብ አቀረቡለት። ጎረምሶቹ «የቱን እንቁረጥልህ?» እያሉ እየተሽቀዳደሙ እያንዳንዱ በራሱ ገጀራ ቆረጠለት። እሱ ከተቀመጠበት ከረጢቶቹ ላይ ቁጥር ጻፈ። ከታመመው ዛፍ በስለቱ ላይ የመጣው ብናኝ በእኛ ማሽን ቢሊዮን ሆነ።

«እንቢ ሊል ሞክሮ ነበር» አለኝ አባ ኦሊ። «ሰሃኑን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ፤ የደቦ እጅ አይገፋም ብዬ የተቆጣሁትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።»

አባ ኦሊን ሸኝቼ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የጌታሁንን የመስክ ቦርሳ አወረድኩ። ከሞተ ጀምሮ አልነካሁትም ነበር። ገጀራውን ከሰገባው መዘዝኩት። ስለቱ ከጫፉ እስከ እጀታው ድረስ ጠቁሯል፣ ብረቱ ከመቃጠል ብዛት ቀለሙን ለውጧል። ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ ነህ ያለው ሁሉ ቢቆጣም ከእጁ አልሰጠም ማለት ነው። ቦርሳው ውስጥ ሦስት ክብሪት ነበር።

ብረቱን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። እኔ ሁለተኛዋን ምስክር ቱቦ ስጨምር፣ እጄን ሦስት ጊዜ ስታጠብ፣ ማታ በእንቅልፌ ሙቀጫ ስፈትግ አጠገቤ የተኛው ሰው ያውቅ ነበር። እስከዚያን ጊዜ ዓመት በዓመት በሚታደስ ኮንትራት ነበር የሚሠራው፤ እውነቱን ቢናገር ያባርሩት ነበር። ይህን እረዳለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እረዳለሁ። ሌሎቹን ስምንት ዓመታት እስካሁን አልገባኝም።

ጋሽ ነዚፍ ቤት ከመሄዴ በፊት አሥራ አንድ ቀን አመነታሁ። ብናገር አፈሩ ያልደረቀ ባሌን ስም አቆሽሻለሁ። ልጃችን አዲስ አበባ ሆና ስልክ ላይ «እማዬ፣ ሁለቱም አርጅተዋል፣ አንዱ ሞቷል፣ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ባልናገር ደግሞ ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው በእኔ ባል ጥፋት እንደተፈረደበት ይሞታል። እሱ ቀብሩ ላይ በምርኩዝ መጥቶ፣ ከድንኳኑ ሳይወጣ ሦስት ቀን አብሮኝ ተቀምጧል። በመጨረሻ ጊንጆ ሄድኩ። ከባጃጁ ወርጄም በሩን አልፌ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ።

ኮፊያውን አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ምን እንዳልኩት በሥርዓት አላስታውስም። ደቦውን፣ ሰሃኑን፣ ገጀራዎቹን ነገርኩት። ያውቅ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ብልህ ሰው ስለሆነ ገምቶ ዝም ያለ መስሎኝ ነበር።

አላወቀም።

«እንደገና ንገሪኝ» አለኝ። እንደገና ነገርኩት።

«ከጎረቤቱ እርሻ በቀጥታ?»

«በቀጥታ፣ ጋሼ።»

«አልተጠረገም?»

«አልተጠረገም።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና አያቸው። መጀመሪያ መዳፉን፣ ከዚያ ገለበጠና ጀርባውን። «ያን ቀን ሙቀጫውን ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት» አለ። «ሦስት ጊዜ እንደሆነ አስታውሳለሁ። ግን ውጤቱ ሌላ ስለሚል ማስታወሴን ካድኩት። ሁለት ጊዜ ይሆናል አልኩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ይሆናል አልኩ። ዘጠኝ ዓመት እየቀነስኩ ቆይቼ ጭራሽ አላጠብኩትም ብዬ አምኛለሁ።» ድምፁ አልተለወጠም። «ታዲያ እጄ ንጹሕ ነበር?»

«ንጹሕ ነበር፣ ጋሼ።»

ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። ሲመለስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። ሲፈታው ያ ነጭ ሙቀጫ ነው፤ ዘነዘናውም አብሮ አለ። ሲዛወር ማንም እንዳይወቅጥበት ብሎ አስፈቅዶ ቤቱ ወስዶት ኖሯል። ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጦ አንድም ቀን አልተጠቀመበትም።

«ለልጆቹ ውሰጂላቸው» አለኝ። «ይወቅጡበት።» ቀጥሎም «ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋቸዋል» አለ፤ ጡረተኛ መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር። «ከመስክ የሚነሳ። ስለቱን በእርጥብ ጥጥ ይጥረጉና ጥጡን ከናሙናው ጋር ያምጡት። ጥጡ ከበራ ገጀራው ነው። ያኔ እንዲህ አድርገን ቢሆን ያ ልጅ መዋሸት ባላስፈለገው።»

ልሄድ ስነሳ ስለ ጌታሁን አንድ ነገር እንዲለኝ ጠበቅኩ። ሌላ ጊዜ የሞተ ሰው ስም በተነሳ ቁጥር አላህ ይማረው ሳይል አያልፍም። ምርኩዙን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝ።

«ዱዓ አደርግለታለሁ» አለኝ። «ዛሬ ግን አይደለም፣ አስካለ። ዛሬ አልችልም።»

«እኔም አልቻልኩም» አልኩት።

ይህን ጽሑፍ ለቤተ ሙከራው ልጆች እሰጣለሁ። ጋሽ ነዚፍ የፈረመበት ወረቀት ባለበት ፋይል ውስጥ፣ ከላዩ ላይ እንዲያኖሩት እለምናለሁ። የፊተኛውን ደብተር ሃያ ስምንተኛ ገጽ ቀድጄዋለሁ። ገጀራውን መልሼ ከበሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ፤ ምን እንደማደርገው ገና አላወቅኩም። ሙቀጫው ጠረጴዛው ላይ ከፊቴ አለ። ሰኞ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ።

አላጠብኩትም። ንጹሕ ነው።